ለእንግዳ ያደረ አይቀርብም

መምህር ስማቸው ቢቸናን አልወደዳትም፤ ቢቸናም ውደደኝ ብላ አልለመነችውም። ጭቃዋን ይጠላል። የከብት ገበያዋን ጩኸት ይጠላል። ቄስና ደብተራ ባለፈ ቁጥር ከተቀመጠበት ብድግ የሚለውን፣ እሱ ከነከረባቱ ሲያልፍ ግን ዓይኑን እንኳ የማያነሣውን ሕዝቧን ከሁሉ አብልጦ ይጠላል። ቢጠየቅ ግን የቢቸና ትልቁ ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፤ ሞጣ አለመሆኗ።

ሞጣ ሚስቱ አለች። የሺእመቤት የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናት፤ መንግሥት እሷን እዚያ፣ እሱን እዚህ መድቦ በዓል በመጣ ቁጥር በጭነት መኪና ላይ ያንከራትታቸዋል። አሁን ደግሞ አርግዛለች። የምትወልደው በሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ማለት ደግሞ ክረምት ነው፤ ክረምት ከገባ መንገዱ ይቆረጣል። በፋሲካ ሲገናኙ እንዲህ አለችው፦ «ብቻዬን አልወልድም። ወይ ተዛውረህ ትመጣለህ፣ ወይ እናቴ ዘንድ ሄጄ እወልድና እዚያው እቀራለሁ። ሦስተኛ ነገር የለኝም።» የሺእመቤት ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

የሞጣ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ጎድሎታል። ቦታውን የሚሰጡት ከደብረ ማርቆስ የሚመጡት ኢንስፔክተር አቶ ሣህለ ማርያም ናቸው። «ስምንተኛ ክፍል ሲያስተምር በዓይኔ ልየውና እወስናለሁ» ብለው ልከዋል። እንግዲህ የስማቸው ሚስት፣ ልጅና ትዳር በአንድ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተንጠልጥለው ነበር ማለት ነው።

ለመናገሩ ያህል፣ የስማቸው እንግሊዝኛ ጥልቅ አልነበረም። ይህን ከማንም በላይ እሱ ያውቀዋል። ስለዚህ እግሩ የማይንሸራተትበትን ትምህርት መረጠ፤ የግስ ጊዜ። የሆነውን፣ አሁን የሚሆነውንና ወደፊት የሚሆነውን ለይቶ መናገር። ድመቷ ወተቱን ጠጣች፤ ገበሬው መሬቱን ያርሳል፤ ነገ ዝናብ ይዘንባል። እነዚህንና የመሰሏቸውን በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ እንደ ጠበል ጻዲቅ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ አደለ። እገሌ ድመቷን፣ እገሌ ገበሬውን፣ እገሊት ዝናቡን። ስሙ ሲጠራ ይነሣል፣ ዓረፍተ ነገሩን ያነባል፣ «ፓስት» ወይም «ፕሬዘንት» ወይም «ፊውቸር» ብሎ ይቀመጣል። ፋሲካ ካለፈ ወዲህ ሌላ ነገር አላስተማረም። ልጆቹ በእንቅልፍ ልባቸው ሳይቀር ድመቷን ወተት ያጠጧት ነበር።

ችግሩ ደምለው ነበር።

ደምለው ወደ ሠላሳ የተጠጋ፣ ጢሙን ያሳደገ፣ ከሞጣ ወዲያ ካለ የቅኔ ቤት ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። ለመምህርነት ትንሽ ሲቀረው፣ «እስቲ የፈረንጁንም ግስ ልየው» ብሎ ተነሥቶ ቢቸና መጣና ከሕፃናት ጋር ተቀመጠ። ጉልበቱ ከዴስኩ በታች አይገባለትም። የሚያድረው ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ የሚበላው ሕፃናትን ዳዊት እያስደገመ ነው። ያ ለስማቸው የማይነሣው የቢቸና ሰው ለደምለው ይነሣል።

ደምለው ደግሞ መምህሩን የሚጠራው «የኔታ» እያለ ነው። «መምህር በለኝ» ቢለው፣ «እሺ የኔታ» ይላል።

አንድ ቀን የዝናቡ ዓረፍተ ነገር ደረሰውና፣ «ትንቢት ነው፣ የኔታ» አለ።

«ምን?»

«በግእዙ እንዲያ ነው የምንል። የሆነው ኃላፊ፣ ገና ያልሆነው ትንቢት።»

«ይህ ደብተራ ቤት አይደለም! ፊውቸር በል!»

ክፍሉ ሳቀ። ደምለውም አብሮ ሳቀና «ፊውቸር» አለ። ስማቸውን ያናደደው ይሄ አብሮ መሳቁ ነው። የተሰደበ ሰው እንደተሰደበ ካላወቀ ስድቡ ለተሳዳቢው ይተርፋል።

በሌላ ቀን ደግሞ እጁን አውጥቶ፣ «የኔታ፣ ገበሬው ያርሳል ሲል፣ አሁን በሬ ጠምዶ እያየነው ነው ወይስ ሙያው ማረስ ነው? ሁለቱ በእንግሊዝኛ አንድ ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። በቅኔ ቤት ተማሪ መምህሩን አጥብቆ ሲጠይቅ ማክበሩ ነው። ስማቸው ግን መልሱ አልመጣለትም፤ ልጆቹም እንዳልመጣለት አዩበት። «ቁጭ በል!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምለውን ጠላው፤ በደንብ አድርጎ፣ ጠዋት ሲነሣ የሚያስታውሰው ዓይነት ጥላቻ ጠላው።

አቶ ሣህለ ማርያም በግንቦት መጡ። አጠር ያሉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ከክፍሉ ኋላ ተቀምጠው አገጫቸውን በከዘራቸው ላይ አሳረፉና ዓይናቸውን ግማሽ ከደኑ። ስማቸው ስም ይጠራል፣ ልጅ ይነሣል፣ ያነባል፣ «ፓስት!» ይላል፣ ይቀመጣል። ሌላው ይነሣል፣ «ፊውቸር!» አንድም የተሳሳተ የለም። ስማቸው ላቡን እየጠረገ ሞጣን አያት፤ የሺእመቤትን አያት፤ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ ቤት ያከራዩት ሴትዮ፣ ለእንግዳው ምሳ የሚሠሩት ዶሮ ሽታው ሳይቀር መጣበት።

የደምለው ተራ ደረሰ። የደረሰችው ድመቷ ናት።

ደምለው ተነሣ። ሰሌዳውን አየ፤ ዞር ብሎ እንግዳውን አየ። ነጠላውን አደገደገ። ከዚያም ረጋ ባለ ድምፅ፣ «የኔታ፣ ይህችን ትናንትም ብያታለሁ፣ ከትናንት ወዲያም ብያታለሁ» አለ። «ለእንግዳ ያደረ አይቀርብም።»

ስማቸው «ቁጭ በል» ሊል አፉን ከፈተ። ደምለው ግን ወደ ኢንስፔክተሩ ዞሮ፣ በተሰባበረ ግን በሚሰማ እንግሊዝኛ፣ ማንም ያልጻፈለትን ተናገረ፦ እንግዳችን ከሩቅ መጡ፤ ፓስት። መምህራችን በፊታቸው ቆሟል፤ ፕሬዘንት። እግዚአብሔር ሁለቱንም ይባርካል፤ ፊውቸር። እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

አቶ ሣህለ ማርያም ዓይናቸውን ገለጡ። «ትናንትም ብለሃታል?»

«አዎን ጌታዬ። ሁላችንም የየድርሻችንን ብለናል።»

ኢንስፔክተሩ ስማቸውን ትክ ብለው አዩት። «እህ» አሉ። ከዘራቸውን አንሥተው ወጡና፣ ዝናብ ሳይቀድመኝ መርጡለ ማርያም ልድረስ ብለው ላንድሮቨራቸው ውስጥ ገቡ። ዶሮው ሳይበላ ቀረ።

አሁን እዚህ ላይ የደምለውን ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ስማቸው ሊሰማው ባይወድም። በቅኔ ቤት አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም። የትናንቱን ዛሬ የሚያመጣ ተማሪ ራሱን ብቻ አይደለም የሚያዋርድ፤ «መምህሩ ነጥፎበታል» ያሰኛል። እንግዳ ፊት ሲሆንማ ነውሩ ይብሳል። ደምለው ድመቷን ቢደግማት መምህሩን ማሰደብ መሰለው። ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የተሰጠን ነገር እንደተጻፈ መመለስ፣ በአስኳላ ቤት ሙያ መሆኑን የነገረው የለም። በገዛ እጁ የመምህሩን ስም የሸፈነ መስሎት በደስታ ነበር የተቀመጠው።

ስማቸው በሩን ዘግቶ፣ «ውጣ!» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ ክፍሌን እንዳትረግጥ። የስምንተኛ ክፍል ፈተናም አትቀመጥም። ዕድሜዬን በላኸው፤ ገባህ? ቤቴን አፈረስኸው!»

«ምን አጠፋሁ፣ የኔታ?»

«የኔታ አትበለኝ!»

ደምለው ደብተሩን ይዞ ወጣ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም። ነገር ግን መምህር ከተቆጣ ተማሪ አጥፍቷል፤ ያደገበት ሥርዓት እንዲያ ነው። ለዚህ ደግሞ የታወቀ መንገድ አለው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ስማቸው ደጅ ወጥቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ የግቢው በር ላይ አንድ ሰው አጎንብሶ ቆሟል። ደምለው ነው። አንገቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሟል፤ በሁለት እጁ ደግፎታል።

«ይማሩኝ» አለ ቀና ሳይል። «ባላውቀውም አጥፍቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ።»

ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አገር የማያውቅ የለም። ተበዳዩ ይወጣል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ድንጋዩን በገዛ እጁ ያወርዳል፤ ነገሩ ያልቃል። ስማቸውም መንዝ ተወልዶ ያደገ ነው። አባቱ የታወቁ ሽማግሌ ነበሩ። ስንት ነፍሰ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጃቸው ሲመጣ፣ ስንቱ ደም በዚያ ሲደርቅ አይቷል። አውቆታል፤ እንዳላወቀ ሆኖ ማለፍ እንዳይችል አድርጎ ነው ያወቀው።

ግን ያን ሰዓት ያየው ድንጋዩን አይደለም። ያየው የሺእመቤት ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ እናቷ ስትሄድ ነው። ሞጣን የቀማው ሰው አንገቱን ደፍቶ ፊቱ ቆሟል፤ ቢመታው አይመልስም። ክፉ ሐሳብ ደግሞ በራሱ እግር ይመጣል፤ አይጠሩትም።

«ኡ! ኡ!» ብሎ ጮኸ። «ኧረ የሰው ያለህ! ድንጋይ ይዞ ቤቴ ድረስ መጣብኝ!»

ጎረቤቱ ወጣ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም አሥር አለቃ ውበቴ፣ የጣቢያው ፖሊስ፣ ቀበቶውን እያጠበቀ ደረሰ።

«ምን ሆነው ነው መምህር?»

«አያዩም? ሊወግረኝ መጣ!»

ውበቴ ደምለውን አየ። «ድንጋዩማ አንገቱ ላይ ነው።»

«አንገቱ ላይም ይሁን እጁ ላይ ድንጋይ ድንጋይ ነው! ትናንት ከትምህርት ቤት አባረርሁት፣ ዛሬ ድንጋይ ይዞ መጣ። ከሳሽ ነኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ይያዝልኝ!»

ደምለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ መምህሩን አየው። ውበቴ ክንዱን ሲይዘው ሄደ። ድንጋዩን ግን አላወረደም፤ ማውረድ የእሱ ድርሻ አይደለማ።

ከስማቸው ቤት ጣቢያው ለመድረስ ገበያውን አቋርጦ ማለፍ ግድ ነው። ቅዳሜ የቢቸና ገበያ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። በዚያ ሁሉ ሰውና ከብት መካከል ፖሊስ እየመራው፣ ድንጋይ እንደተሸከመ አለፈ። የሚጮኸው ገበያ እየተከፈለ መንገድ ለቀቀ። እህል የሚሰፍሩ ሴቶች ቁና በእጃቸው እንደያዙ ብድግ አሉ። ጣቢያው ሲደርሱ ውበቴ ቢጨንቀው ድንጋዩን ራሱ አወረደለትና፣ «እኔ ያወረድሁት አይቆጠርም፤ አውቃለሁ» አለው።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ወይዘሮ ሀብትነሽ የስማቸውን ሰሐን ባዶውን አምጥተው ፊቱ አስቀመጡ። «እስከ ወሩ መጨረሻ ቤት ፈልግ፣ ልጄ» አሉት። «ይማሩኝ ያለን ሰው ከሚያሳስር ጋር አንድ ግቢ ማደር አልችልም።»

ሽማግሌዎች መጡ፤ ክስህን አንሣ አሉት። «ሕግ ባለበት አገር ሽማግሌ ምን ይሠራል?» አላቸው። የአባቱን ሥራ ነበር የሰደበው። ቄሱ መጡ፤ ፈተናው ሊደርስ ነው፣ ሰውየውን አታስቀርበት አሉት። «ያን ጊዜ ሳይደፍረኝ ማሰብ ነበረበት» አላቸው። ፈተናው ደረሰ፤ ልጆቹ ተቀመጡ፤ ደምለው ጣቢያው ግቢ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። ፈተናው ባለቀ ሳምንት ለቀቁት። ደብተሩን ለአንድ ዳዊት ደጋሚ ሕፃን ሰጥቶ ወደ ቀድሞው ቅኔ ቤቱ፣ ወደ ሞጣ በእግሩ ሄደ።

በሰኔ ዋና ዳይሬክተሩ አቶ ይርሳው ስማቸውን ቢሮ አስጠሩት። «ተዛውረሃል» አሉት። «ሞጣ።»

ስማቸው ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ። «እንዴት?»

«ኢንስፔክተሩ ምን እንዳሉ ልንገርህ? ‹ሌሎቹ ሁሉ እንደ በቀቀን ያጠኑትን ነገሩኝ። አንዱ ግን ያልተጻፈለትን ፊቴ ቆሞ ተናገረ። ስንት ክፍል ገብቼ ስንት ድመት ወተት ስትጠጣ ሰምቼአለሁ፤ እንዲያ ያከበረኝ የለም። እንዲህ ያለ ተማሪ ያፈራ መምህር ሞጣ ይገባዋል› ነው ያሉት። በዚያው ቀን ነው የፈረሙት። ለተማሪውም ሰላምታ ልከዋል።» አቶ ይርሳው መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰላምታውን እንግዲህ አንተው አድርስ።»

ስማቸው አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ያን ቀን እፍረቱ ሳይቀዘቅዝ ተነሥቶ ደምለውን ፍለጋ ቢሄድ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባለቀ። ግን ሰው ነው፤ የፈለገውን ካገኘ በኋላ የበደለውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ዕቃውን ጭኖ፣ መንገዱ ሳይቆረጥ ሞጣ ገባ።

ወሬው ቀድሞት ገብቷል። የቅኔ ተማሪ እግረኛ ነው፤ ከደብር ደብር ሲዞር የሰማውን ይዞ ይዞራል። ሞጣ ሲደርስ ሰው ሰላምታውን ግማሹን እየዋጠ ይሰጠዋል። ሱቅ ሲገባ ጨዋታው ይቋረጣል። የሺእመቤት ነገሩን ከሕመምተኞቿ ሰማች፤ እውነት ነው ወይ ብላ ብትጠይቀው ከረባቱን እያጠበቀ ከቤት ወጣ። ከዚያ ወዲያ እሷም አላነሣችበትም፤ ግን ፊቷን አዙራ መተኛት ጀመረች።

በሐምሌ መጀመሪያ ወንድ ልጅ ተወለደ። የስማቸው ደስታ ቤቱን ሞላው፤ የጠየቃቸው ሰው ግን ትንሽ ነበር። የክርስትናው ቀን ሲቃረብ ክርስትና አባት ፍለጋ ወጣ። አንዱ «መንገደኛ ነኝ» አለው። አንዱ «የክርስትና ልጅ በዝቶብኛል» አለው። አንዱ ደግሞ ምክንያት መፍጠሩም ደክሞት፣ «ሌላ ሰው ፈልግ፣ መምህር» ብሎ በሩን መለሰ። ወንድሙን ከመንዝ እንዳያስመጣ መንገዱ ተቆርጧል። ያልተጠመቀ ልጅ ደግሞ ቢታመምስ? ይህን ሁለቱም ያስባሉ፣ ሁለቱም አይናገሩትም።

በመጨረሻ የሺእመቤት ተናገረች። ልጁን እያጠባች፣ ቀና ሳትል፦

«ለእኔ ስትል ነው ያደረግኸው። አውቃለሁ። እኔ ግን እንዲያ አድርግልኝ አላልሁህም። ይህ ልጅ በሰው እንባ ላይ ተወልዶ ክርስትና አባት አጣ። ድንጋይ ተሸከምና ሂድ።»

«እኔ? ድንጋይ? ተማሪዎቼ እያዩኝ?»

«እሱስ ገበያ እያየው አይደለም የሄደ?»

ሄደ። ዝናብ ነበር። ከወንዙ ዳር ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ ጫነ፤ መጀመሪያ ቀላል መስሎት ነበር። ቅኔ ቤቱ ሲቃረብ ተማሪዎቹ በየጎጇቸው ሆነው ግስ በቃላቸው ይወርዳሉ፤ ድምፃቸው ዝናቡን ይበልጠዋል። ሲያዩት አንድ በአንድ ከየጎጇቸው ብቅ አሉ። ደምለው ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ሕፃናት ከቦ ተቀምጧል። አየው። አልተነሣም።

«ይማሩኝ» አለ ስማቸው። የዕድሜ ልክ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ አንቱ ብሎ ነው የጠራው። «በድዬዎታለሁ። እያወቅሁ ነው የበደልሁዎት። ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ።»

ደምለው ድንጋዩን እስኪበቃው አየው። «ይህን ድንጋይ አውቀዋለሁ» አለ። «በግንቦት እኔ አምጥቼው ነበር። ያደረ ነው። ለእንግዳ የማይቀርበውን ለበደልኸው ሰው ታቀርባለህ?»

አንተ ማለቱን ስማቸው ሰማ። ተማሪዎቹም ሰሙ።

«ሌላ የማመጣው የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ መቼ ነው ይቅር የሚሉኝ?»

«ትንቢት አልናገርም።»

ዝናቡ በረታ። ደምለው ወደ ሕፃናቱ ሊዞር ሲል አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ቆም አለ።

«ልጁ ወንድ ነው አሉ።»

«ወንድ ነው።»

«ክርስትና አባት አጣ አሉ።»

ስማቸው አንገቱን መነቅነቅ አልቻለም፤ ድንጋዩ አለበት።

«ክርስትና እኔ አነሣዋለሁ» አለ ደምለው። «ሕፃን አልበደለኝም። ድንጋዩን ግን ከአንገትህ አላወርድልህም፤ ዋሽቼ ይቅር ማለት አልማርሁም። ሂድ።»

ስማቸው በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ድንጋዩን መሬት ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ተሸክሞ ተመለሰ፤ በሞጣ መካከል፣ ያልተማረ በደለኛ ሆኖ፣ ሰው ከየሱቁ እየወጣ እያየው። ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ድንጋዩ አመለጠውና ወደቀ። የሺእመቤት ወጥታ ድንጋዩን አየች፤ እሱን አየች።

«አወረደልህ?»

«ልጁን ክርስትና ያነሣዋል» አለ። የጠየቀችውን አልመለሰላትም፤ መልሱ ግን ገባት።

የክርስትናው ዕለት ደምለው ነጭ ለብሶ መጣ። ድንጋዩ በሩ ላይ እንደወደቀ ነበር፤ ስማቸው ሊያነሣው አልደፈረም። ደምለው ቆም ብሎ አየው። ተራመደውና ገባ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ሕፃኑን ከየሺእመቤት እጅ ተቀበለ፤ ደረቱ ላይ በነጠላው ሸፈነው፤ አባትየውን ሳያይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይዞት ወጣ።